ዘይቱን የሞላሁት እኔ ነበርኩ

ውድ ጋሼ፣

ማን እንደጻፈልዎ ለማወቅ ወረቀቱን ገልብጠው እንዳይደክሙ ከላይ ልንገርዎ። የጓደኛዎ የመካኒኩ ልጅ ነኝ፤ እርስዎ «መሐንዲሷ» እያሉ ይጠሩኝ የነበርኩት። ይህን ሲያዩ ደብዳቤውን ቀዶ ለመጣል እጅዎ ቢነሳ አልፈርድብዎትም። ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነውና የምነግርዎ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ዋናውን ነገር ላስቀድም፤ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ድፍረቱ እንዳይከዳኝ እፈራለሁ። የወይዘሪትን ሞተር ያበላሸው አባቴ አይደለም። ያን ቀን ዘይቱን የሞላሁት እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙም ዋናውን ሰምተዋል። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ወይዘሪት ስልዎ ያቺ ሰማያዊ የጭነት መኪናዎ ዓይንዎ ላይ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ለምን እንዲህ ብለው እንደሰየሟት ሰው ሲጠይቅዎት፣ «ስንቱ ሾፌር ለመናት፤ ከእኔ በቀር ማንንም እሺ አላለች» ይሉ ነበር። አባቴ ደግሞ ከሆዷ ስር ተጋድሞ፣ «ዕድሜዋን ላየ ሰው ይቺ ወይዘሮ ናት» ብሎ ይመልስልዎታል። ሁለታችሁ እንዲህ ስትጨቃጨቁ ሥራው አለቀ አላለቀ የሚጠይቅ አልነበረም። እናቴ እንኳ አባቴ ከጋራዥ ሲዘገይባት «ባለ ወይዘሪት መጥቶ ነዋ» ብላ ምሳውን ትሸፍነው ነበር።

እኔ ከቴክኒክ ኮሌጅ ጨርሼ ወደ ጋራዡ የገባሁ ሰሞን የደንበኞቹን ነገር ያስታውሱታል። ኮፈን ከፍቼ ስጎነበስ ከኋላዬ ቆመው «አባትሽ የለም እንዴ?» ይሉኛል። የፈታሁትን ብሎን ሌላ ሰው መጥቶ ካልነካው አያምኑም። አንድ ቀን አባቴ የወይዘሪትን የነዳጅ ፊልትሮ ሊፈታ ሲል እርስዎ ክንዱን ያዙትና፣ «ተው፣ እሷ ትፍታው» አሉት። «ሞተር የሚያውቀው እጅን ነው። የወንድ ይሁን የሴት ምን አገባው?»

ያን ቀን እኔው ፈታሁት። በዚያ ጋራዥ ውስጥ መኪናውን አምኖ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ለዚህም ነው ነገሩ እስካሁን እንደ እሾህ የሚወጋኝ። ያበላሸሁት ያላመነኝን ሰው መኪና ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አይከብደኝም ነበር።

አባቴና እኔ በዘይት ነገር እንደማንስማማ ያውቃሉ። እሱ ወፍራም ዘይት ይወድ ነበር። «ወፍራም ዘይት ለሞተር ብርድ ልብስ ነው» ይላል። ለአሮጌውም ለአዲሱም፣ ለታክሲውም ለጭነቱም 20W-50 ነበር የሚሞላው። እኔ ደግሞ ከኮሌጅ ትኩስ ትምህርት ይዤ መጥቻለሁ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጣሳውን አንስቼ ለሁለታችሁም አስተማርኳችሁ። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ከኋላ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ነው። የሞተር ብረት አብዝቶ የሚበላው ጠዋት ሲነሳ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ሰኮንዶች ነው። እንዲህ እያልኩ ጣሳውን እንደ አስተማሪ በጣቴ እየነካሁ ስናገር እርስዎ ሳቁብኝና፣ «ኧረ ይቺ ልጅ በቁጥር ልታሳብደኝ ነው» አሉ።

ግን በዚያው ሰሞን ብርዱ ጠናና ወይዘሪት ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ሁለት ቀን ሰው ገፍቶ አስነሳልዎት። አባቴ በሦስተኛው ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እሺ፣ አሸንፈሻል» አለኝ። «መጽሐፏም 15W-40 ነው የሚለው ብለሻል። በሚቀጥለው ስትመጣ ያንን የናፍጣ ዘይት አድርጊላት።»

አባቴ በሥራ ጉዳይ አሸንፈሻል ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን ልቤ ምን ያህል እንዳበጠ ሲያስቡት ቀሪውን ነገር ይረዱታል።

ወይዘሪትን ያመጧት ማክሰኞ ጠዋት ነው። «ዘይቷን ቀይሩልኝ፤ ከሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለው ቁልፉን ጥለውልኝ ሄዱ። አባቴ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሄዷል። አሮጌውን ዘይት አፈሰስኩ፤ ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚጓተት ነበር። ፊልትሮውን ቀየርኩ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ።

15W-40ው እዚያው ነበር ጋሼ። ጠፍቶ አይደለም፣ አልቆም አይደለም። ከጎኑ ግን አንድ ዘይት አከፋፋይ ለሙከራ ትቶልን የሄደው አዲስ ዘይት ተደርድሯል፤ 5W-20። ጣሳው የሚያብረቀርቅ፣ ክዳኑ ወርቃማ። ዐሥራ አምስት ከሃያ ከተሻለ፣ አምስት ደግሞ ከዐሥራ አምስት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ወይዘሪት በማግስቱ በአንድ ቁልፍ ስትነሳ አባቴ ምን እንደሚል እያሰብኩ ፈገግ አልኩ። ሞላሁት።

ሁለተኛውን ቁጥር አላየሁትም። አይቼዋለሁ፤ ግን አላሰብኩበትም። ያ ሃያ የተጻፈው በብረቶቻቸው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ፀጉር ለቀጠነ ለአዳዲስ ትናንሽ ሞተሮች ነው። የወይዘሪት ሞተር ስንት ዓመት ጡብና ብረት ተሸክሞ ክፍተቱ የሰፋ ነው፤ ሲግል በብረቱና በብረቱ መካከል ቆሞ የሚይዝ ዘይት ይፈልጋል። ከዚያም በላይ ከጣሳው ጀርባ በትናንሹ የተጻፈውን ፊደል አላነበብኩም። S ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው፣ C ብሎ የሚጀምረው ለናፍጣ። የናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ይበዛዋል፤ የእሱ ዘይት ያንን ጥቀርሻ ይዞ የሚያቆይ ነገር ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼበታለሁ። ለሰው ሞተር ግን አልተጠቀምኩበትም።

ከሰዓት መጥተው ሲያስነሷት ወዲያው ተነሳች። ድምፅዋ ቀለል ብሎ ነበር። በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ምን አደረግሽልኝ? የሃያ ዓመት ልጃገረድ ሆነች እኮ» አሉኝ። አባቴ ማታ ሲመለስ «ወይዘሪት እንዴት ሆነች?» አለኝ። «ተነሳች» አልኩት። የቱን ዘይት እንደሞላሁ አልጠየቀኝም። አምኖኛል።

በዘጠነኛው ቀን እየተጎተተች መጣች። ጡብ ጭነው ያንን ረጅም ዳገት ሲወጡ የዘይቱ መብራት በርቶ እንደነበር፣ የሽቦ ችግር ነው ብለው እንደቀጠሉ፣ ከዚያ ከሆዷ መዶሻ የሚመታ ሰው ያለ ይመስል መንኳኳት እንደጀመረችና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቀጥ እንዳለች ለአባቴ ሲነግሩት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከጎናችን የሚሠራው ጎሚስታም የሚጠግነውን ጎማ ጥሎ መጥቶ ያዳምጥ ነበር።

አባቴ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘና ጫፏን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት አደረጋት። አሸተተው። ዘይቱ በጣቱ ላይ እንደ ውሃ ወረደ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ከዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። አንድ ነገር ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ይመስል ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፣ ይህን ያምኑኝ። አባቴ ግን ከእኔ ዓይኑን ነቅሎ፣ «እስኪ ያንን መፍቻ አቀብይኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ከበላዬ ድምፁን ሰማሁት።

«የሞላሁት እኔ ነኝ። ጣሳ ተምታታብኝ።»

እርስዎ ለጊዜው አልገባዎትም። «ምን ተምታታብህ?»

«ጣሳ። ለእሷ የማይሆን ዘይት ነው የሞላሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ድምፅዎን ከፍ አላደረጉም። «ሠላሳ ዓመት ስትሠራልኝ ቆሜ አይቼህ አላውቅም» አሉት። «ቁልፉን ጥዬልህ ነው የምሄደው። ሰው ከሚስቱ ጋር እንኳ እንዲህ አይተማመንም። አንተ ጣሳውን እንኳ ሳታይ ነው የምትሞላልኝ?» አባቴ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መልሶ ሰካት። እርስዎም ቁልፉን ከእጁ ወሰዱና ወጡ። እኔ መፍቻውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሲመሽ ጋራዡን ስንዘጋ «ለምን?» አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«የእኔ ስም አርጅቷል» አለኝ። «አንድ ሞተር ቢያጎድለውም የሚቀር አለው። አንቺ ገና ሁለት ወርሽ ነው። ሴቷ ሞተር አቃጠለች ከተባለ ከነገ ጀምሮ ብሎን የሚያስነካሽ የለም።»

«ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ይብረድለት። ሲበርድለት እኔው እነግረዋለሁ።»

ግን አልበረደልዎትም። ወይም እኛ ሳናውቅ በርዶልዎት ሊሆን ይችላል። ወር ሳይሞላ ወይዘሪትን ለብረት እንደሸጧት፣ ቤተሰብዎን ይዘው ሌላ ከተማ ለሰው ሊነዱ እንደሄዱ ጎሚስታው ነገረን። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። መጀመሪያ አድራሻዎ የለንም እል ነበር፤ በኋላ ጊዜው አልፏል አልኩ፤ በመጨረሻ ደግሞ አባቴ ራሱ ካልፈለገ እኔ ምን አገባኝ ማለት ጀመርኩ። ሁሉም ሰበብ ነበር። ሞተሩ ያረጀ ነበር፣ ይዋል ይደር እንጂ መቆሙ አይቀርም ነበር የሚል መካኒክም ሊኖር ይችላል። እኔ ራሴ ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን ያን ሳምንት የቆመው በእኔ እጅ ነው።

አባቴ አልተቆጣኝም ብያለሁ። አንድ ነገር ግን አደረገ። በማግስቱ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ያለውን ዘይት በሙሉ አውርዶ ወለሉ ላይ ደረደረና፣ «አንብቢልኝ» አለ። እሱ የፈረንጅ ፊደል አያነብም፤ እስከዚያ ቀን ዘይት የሚለየው በጣሳው ቀለም ነበር። እኔ ጣሳ በጣሳ አነበብኩለት፤ እሱ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ይህ ለየትኛው መኪና ነው? ምን ያህል የሮጠ? ምን የሚጭን? ምን ዓይነት አየር ላይ የሚውል? አንዳንዱን መለስኩ፣ አብዛኛውን አልቻልኩም። ስንጨርስ፣ «ጣሳው የሚነግርሽ ስለ ዘይቱ ነው» አለኝ። «ስለ ሞተሩ ማን ይንገርሽ?»

ሙያ የተማርኩት ያን ጠዋት ነው ማለት እችላለሁ። እሱም ወፍራም ዘይት ለሁሉም መሙላቱን ተወ። አሁን መነጽሩን አድርጎ ቁጥሮቹን ራሱ ያነባል፤ ደብልዩዋንም «ያቺ የብርድ ፊደል» ይላታል።

ዛሬ ጋራዡን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና የሚገባውን መኪና በድምፁ ብቻ በሽታውን ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ሰው መጥቶ «ወፍራሙን አድርጊልኝ» ወይም «ጎረቤቴ የሚጠቀመውን ቀጭኑን አድርጊልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ እጠይቃለሁ። ከሌለው ዓመተ ምህረቱን፣ ናፍጣ ይሁን ቤንዚን፣ ዘይት ይቀንስ እንደሆነ፣ ዳገት ይበዛበት እንደሆነ። አንዳንዱ «ፖሊስ ጣቢያ መጣሁ እንዴ?» ብሎ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ከሞላሁም በኋላ ጣሳውን ለባለቤቱ አሳያለሁ፤ ሞተሩን አስነስቼ የዘይቱ መብራት መጥፋቱን ሳላይ ቁልፍ አልመልስም።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልዎ ልንገርዎ። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ትንሽ መኪና ይዛ መጣች፤ ለሥራ ወደዚህ ከተማ መመለሷ ነው። ዘይት ልትቀይር ፈልጋ የራሷን ጣሳ ይዛ ነበር የመጣችው። ጣሳውን አየሁት፣ ለመኪናዋ ትክክለኛው ነበር። «ማን መረጠልሽ?» አልኳት።

«አባቴ» አለችኝ። «እሱ መካኒክ አያምንም። ዘይቱን ራሱ ነው የሚገዛው፤ እስኪሞላም ከአጠገባቸው አይሄድም። እኔንም ቁሚና እዪ ብሎኛል፤ አይቀየሙኝም አይደል?»

«ለምንድነው የማያምነው?»

«ድሮ የጭነት መኪና ነበረችው። የልብ ጓደኛው ነው ያበላሸበት። አሁንም ስለ እሷ ሲያወራ እህታችን የሞተች ነው የሚመስለው፣ እያለ ወንድሜ ይስቅበታል።»

ዓይኖቿ የእርስዎ ናቸው ጋሼ። ስትሄዱ ትንሽ ልጅ ስለነበረች እኔን አላወቀችኝም። ዘይቷን ቀየርኩላት፣ ጣሳውን አሳየኋት፣ አመስግና ሄደች። እኔም እንደገና ዝም አልኩ። ይህንንም መናዘዝ ስላለብኝ ነው የምጽፍልዎ። የመጀመሪያው ዝምታ የሁለት ወር ጀማሪ ዝምታ ነበር ልበል፤ ይሄኛው ግን የሙሉ ሰው ነው።

ያን ቀን ሥራ አልተሠራልኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከአባቴ አጠገብ ወንበር ሳብኩና የልጅዎን መምጣት ነገርኩት። ያለችውንም ሳልቀንስ ነገርኩት። 

«እስኪሞላ አጠገባቸው ይቆማል አለች?»

«አዎ።»

«እሱ እኮ መቆም የሚጠላ ሰው ነበር» አለ።  «እጽፍላቸዋለሁ» አልኩት። «የእኔ ጥፋት መሆኑን እነግራቸዋለሁ።»

«ያንቺ ብቻ አይደለም። እኔም ከዘመድ ቤት ስመለስ ሄጄ ጣሳውን ማየት ነበረብኝ። ያንንም ጻፊለት።» ጽፌዋለሁ። ቀጥሎም፣ «እንዲመጣ ግን እንዳትለምኚው» አለኝ። «መምጣት ከፈለገ መንገዱን ያውቀዋል።»

ስለዚህ አልለምንዎትም። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ለነበረው ለጎሚስታውም ነግሬዋለሁ። ያን ወሬ በከተማው ያዞረው እሱ ነበርና እውነቱንም እሱው ያዙረው ብዬ ነው። እየሠራበት ያለውን ጎማ ሳይለቅ፣ «እኔም ያኔ ገርሞኝ ነበር» አለኝ። «አባትሽ ቀጭን ዘይት በእጁ የሚነካ ሰው አልነበረም።» ደንበኞቼም ይስሙ። የሚቀርብኝ ሰው ካለ ይቅርብኝ።

ወይዘሪትን ልመልስልዎ አልችልም። ከእርስዎ የወሰድኩት መኪና ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ የራስዎ ጌታ የነበሩትን እርስዎን የሰው ሾፌር አድርጌዎታለሁ፣ ሁለት ወንድማማቾች የሚመስሉ ሰዎችን አለያይቻለሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይቅር ባይሉኝም እረዳዎታለሁ። አባቴን ግን ባልሠራው ጥፋት እንዳይቀየሙት ነው ልመናዬ። እሱ ያን ቀን የዋሸዎት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኔ ብሎ ነው።

ልጅዎ አድራሻዎን የሰጠችኝ ትናንት ነው። ሁለተኛ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ አልሳቀችልኝምም። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝና «ራስሽ ንገሪው» ብላኝ ሄደች። ማታውን ይህን ጻፍኩ፤ የቀሩትን መስመሮች አሁን፣ ጠዋት ጋራዥ ከፍቼ እየጨረስኩ ነው።

ቅድም አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ ጠራኝ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል የሚጠይቅ መስሎ፣ «እና ምን ብሎ መለሰ?» አለኝ።

«ገና አልላክሁትም አባዬ» አልኩት።

«እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ፖስታ ቤቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ አሁን ልሄድ ነው።

አክባሪዎ፣
ልጅዎ መሐንዲሷ